ልጅ ይዞ ላንጋኖ ዳር ድንኳን ውስጥ ማደር

ሥራዬ የተማሪ ሰርቪስ መንዳት ነው። ጠዋት ከልደታ ተነስቼ በሜክሲኮ፣ በቄራና በሳር ቤት ልጆች ስለቅም አረፍዳለሁ፤ ማታ መልሼ እበትናለሁ። ቀኑን ሙሉ ልጅ ስቆጥር የምውል ሰው፣ በዕረፍቴ ደግሞ የራሴንና የእህቴን ልጆች ጭኜ ላንጋኖ ስወርድ ጎረቤት ይገርመዋል። "ያውም በድንኳን!" ይላሉ። ክፍል ይዞ ማደር ይሻላል ከሚል ሰው ጋር አልከራከርም። ለትልቅ ሰው ይሻላል። ልጅ ግን የክፍሉን ነገር በማግስቱ ይረሳዋል። አሸዋ ላይ ተኝቶ የውሃ ድምፅ የሰማበትን ሌሊት ግን እስከ ክረምት ድረስ ያወራዋል።

ዋናው ነገር ሰዓት ነው። ሐይቁ ዳር ሁለት እንግዶች ቀጠሯቸውን አክብረው ይመጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ፣ ሲመሽ ቢንቢ። ድንኳኑ ከንፋሱ በፊት መቆም አለበት። ልጆቹ ደግሞ ከቢንቢው በፊት በልተው፣ ታጥበው፣ ለብሰው መጨረስ አለባቸው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለመቅደም ነው። አብዛኛው ሥራ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ የሚያልቅ ነው።

ስለ ዕድሜ አንድ ነገር ልበል። ከአራት ዓመት በላይ ያለ ልጅ ችግር የለበትም። ሕፃን የያዛችሁ ግን ክፍል ተከራዩ፤ ቀን ቀን ከድንኳነኞቹ ጋር ትውላላችሁ።

ለምን ላንጋኖ፣ መቼስ?

ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሸዋ አለው፣ ዳሩ ላይ ድንኳን የሚያስተክሉ ሎጆች አሉ። ውሃው ቡናማ ነው። የእህቴ ልጅ አቡሽ መጀመሪያ ያየው ቀን "ሻይ በወተት ነው እንዴ?" ብሎኛል። ቀለሙ የመጣው ውሃው ውስጥ ከሚንሳፈፈው ደቃቅ አፈር እንጂ ከቆሻሻ አይደለም።

እኔ ግን የምመርጠው በሌላ ምክንያት ነው። ዝዋይና ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ቢልሃርዚያ የሚመጣው ቀንድ አውጣ ውስጥ ከሚያድግ ተባይ ነው። ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይዋኝና ቆዳ በስቶ ይገባል። መጠጣት አያስፈልግም፤ እግር ነክሮ መቆም ይበቃል። ቀንድ አውጣው የሚወደው ደግሞ ልጆች የሚወዱትን ቦታ ነው፤ ሣር ያለበት፣ የረጋ፣ ጥልቀት የሌለው ዳር። ላንጋኖ ከዚህ ነጻ ነው ተብሎ ስለሚታወቅ ነው ዋናተኛው ሁሉ ወደዚያ የሚሄደው። ቢሆንም ሸንበቆ ውስጥ ልጅ አላስገባም። ከሌላ ሐይቅ ውሃ የገባ ልጅ ካላችሁ ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ አስመርምሩት። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ድረስ እወዳለሁ። መስከረምና ጥቅምት አገሩ አረንጓዴ ነው፤ ግን የወባ ወቅት ነው። ለእኔ የሚመቸኝ የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ነው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሰርቪሱም ይቆማል። ከቻላችሁ ቅዳሜ ማታን ዝለሉ። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ዲጄ አለ። ልጅ ይተኛል ብላችሁ ጋደም ስትሉ ድምፅ ማጉያው ገና "ቼክ ቼክ" ማለት ይጀምራል። እሑድ ሄዶ ሰኞ መመለስ፣ ወይም ሐሙስና ዓርብ፣ ሰላም ነው።

ስልክ ደውላችሁ ቦታ ስትይዙ "ያምራል ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ያምራል ይሏችኋል። ይልቅ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ። ድንኳኑ የሚተከለው ጥላ ሥር ነው ወይ? መጸዳጃ ቤቱ ስንት እርምጃ ይርቃል፣ ሌሊት መብራት አለው ወይ? ዘበኛ ሌሊቱን ሙሉ ይዞራል ወይ? የሞተር ጀልባው የሚነሳው ከየት በኩል ነው? ቅዳሜ ሙዚቃ አለ ወይ? አያይዛችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፤ ሰላም ነው ወይ በሉ። ይህንን በምትሄዱበት ዋዜማ ደግማችሁ ጠይቁ። እዚያው ያለ ሰው ከማንም ቀድሞ ያውቃል።

መርካቶ

ለአራት ሰው የሚሆን ድንኳን ከፈለጋችሁ ስድስት ሰው ይይዛል የሚለውን ግዙ። ፋብሪካው ሰውን የሚቆጥረው እንደ ሰርዲን ደርድሮ ነው፤ ቦርሳ፣ ፍራሽ፣ የልጅ መንፈራገጥ አይቆጥርም። ስትመርጡ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ መስኮትና በሩ ላይ ወንፊት መረብ አለው ወይ? ሁለተኛ ወለሉ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሰፋ ነው ወይ? ወለሉ የተለየ ከሆነ አሸዋም ጊንጥም ይገባል። ሦስተኛ ዚፑን አሥር ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ። ነጋዴው ቢሰለች ይሰልች። ሐይቁ ዳር ዚፕ ከተበላሸ ቢንቢውን የሚከለክልላችሁ የለም።

የድንኳን መግዣ ከሌለ ተዋሱ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጊዜ ተተክሎ አልጋ ሥር የተቀበረ ድንኳን ያለው ዘመድ አይጠፋም።

ከድንኳኑ ጋር የሚመጡት ካስማዎች ለሣር መስክ የተሠሩ ናቸው። አሸዋ አይዛቸውም። ስለዚህ ስድስት ትንንሽ ባዶ ማዳበሪያ ያዙ፤ የአሥር ኪሎ ሩዝ ወይም ዱቄት የነበረበት ይበቃል። ምን እንደሚሠራ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ናይሎን ገመድ ግዙ እንጂ ሲባጎ አትመኑ። ግራር ሥር ያለው ጠንካራ መሬት ላይ የምትተክሉ ከሆነ ግን ምናለሽ ተራ ጎራ በሉ። ክንድ የሚያህል ፌሮ ቆርጠው፣ ጫፉን ቆልምመው ይሰጧችኋል። ከማንኛውም የሱቅ ካስማ ይበልጣል።

ሌላው የቤት ዕቃ ነው። ሸራ ለጥላና ለወለል ሥር። ሰሌን ለበሩ፤ ሰሌን ላይ የረገፈ አሸዋ በስንጥቁ ይወርዳል፣ ምንጣፍ ላይ የረገፈ ግን አብሯችሁ ይተኛል። ሳፋ። ትንሽ አካፋ። ከመረቡ በተጨማሪ አጎበር። ለእያንዳንዱ ልጅ ፊሽካ። ለትንንሾቹ ፖፖ፤ በዚህ አትፈሩ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትቀሰቀሱ ታመሰግኑኛላችሁ። ሻማ ደግሞ ለማብራት ሳይሆን ለዚፑ ነው። አሸዋ ገብቶ ዚፑ ሲንቀረፈፍ በቡሩሽ ጠርጋችሁ፣ ጥርሱን በሻማ አሽታችሁ ሳቡት። ይሄዳል።

አልጋ ልብስ መግዛት አያስፈልግም። ስስ ስፖንጅ ፍራሽና ጋቢ ይበቃል። ቀን ላቡ ጠብ የሚል ሰው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋቢ ይፈልጋል፤ በተለይ ታኅሣሥ ላይ።

በሰፈር መለማመድ

ድንኳኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ሐይቁ ዳር አትክፈቱት። ግቢ ውስጥ ተክሉት። ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ውስጥ ከልብስ ማስጫው አጠገብ ነው እኛ የምንለማመደው። ለግቢው ኮሚቴ "እሑድ ድንኳን ልተክል ነው" ብዬ ያስፈቀድኩ ጊዜ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ፎቅ ወጣ። ከላይ ያሉት እትዬ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው "እግዜር ያጽናችሁ፣ ማን ነው?" እያሉ ወረዱ። ያቺን ሰማያዊ ጎጆ ሲያዩ ሳቃቸው አልቆም አለ። ስለዚህ "የልጆች ድንኳን" በሉ።

ልምምዱ ለሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ ዘንግና ቀለበት የጎደለ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዚያ ደግሞ ልጆቹ ሥራ ይከፋፈላሉ። የእኛ ሚሚ ዘንጎቹን በቁመት ትደረድራለች፣ አቡሽ ገመድ ይይዛል፣ ትልቁ ዘንጉን ያጎብጣል። ሥራ ያለው ልጅ አይጠፋም። ድንኳን እየተከላችሁ ልጅ መጠበቅ አይቻልም፤ ከጨዋታ ይልቅ ሥራ ይዞላችሁ ይቆማል። አንድ ሌሊት እዚያው ግቢ ውስጥ ቢያድሩበት ደግሞ ጥሩ። ጨለማ የሚፈራው ልጅ የትኛው እንደሆነ እቤት አጠገብ ብታውቁ ይሻላል።

ምግብና ውሃ

ወጥ ሠርታችሁ ልትሄዱ ከሆነ ተዉት። ሙቀቱ እስከ ማታ አያደርሰውም። የጉዞ ምግብ ድሮም አለን። ድርቆሽ ያዙ። ማታ ሽንኩርት በዘይት፣ በርበሬ፣ ውሃ፣ ከዚያ ድርቆሹን ማርከፍከፍ፤ በሩብ ሰዓት ፍርፍር ነው። በርበሬ ለማይወዱት አልጫ አድርጉት። ጠዋት በሶ በማር በጥብጣችሁ ስጧቸው፣ እስከ ምሳ ይዟቸው ይቆያል። ድፎ ዳቦ ሁለት ቀን አይደርቅም። የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ ለመንገድ። ቆሎ ለሁሉም፤ ለትንንሾቹ ግን እንዳያንቃቸው ዳቦ ቆሎውንም ቆሎውንም ተቀምጠው ይብሉ፣ እየሮጡ አይሆንም።

የሚበላሽ ነገር ከያዛችሁ ከሁለት ቀን በፊት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። መብራት ካልሄደ ድንጋይ ይሆናል። ዕቃው መሐል ታስቀምጡትና ያቀዘቅዛል፣ በማግስቱ ሲቀልጥ ትጠጡታላችሁ።

የሚጠጣ ውሃ ከአዲስ አበባ በጀሪካን ያዙ፣ ወይም የታሸገ ግዙ። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። በዚያ አካባቢ ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው የሚበልዘው ከዚሁ ነው። በአንድ ሌሊት ምንም አይሆንም፤ ግን ሆዱ ያልለመደው ልጅ ይዛችሁ ምን አስቸኮላችሁ? ኦአርኤስ (ለተቅማጥ ተበጥብጦ የሚጠጣው ዱቄት) ሁለት ሦስት ከረጢት ቦርሳ ውስጥ ይኑር። አንዱ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው የሚበጠበጠው። በግማሽ ሊትር ከበጠበጣችሁት ጨው ይበዛበታልና ይጎዳል።

ለማብሰያ ትንሿን የጋዝ ሲሊንደር እመርጣለሁ። መንገዱ ዳር ከሰል በማዳበሪያ ተደርድሮ ታያላችሁ። ከየት እንደመጣ ዙሪያውን ያለው ግራር ይናገራል፤ እኔ አልገዛም። ከሰል የያዘ ሰው ግን አንድ ነገር ይስማ። ምድጃው በምንም ዓይነት ድንኳን ውስጥ አይግባ፤ ለቡና ቢሆን፣ ለብርድ ቢሆን፣ ጠፋ ተብሎም ቢሆን። ፍም የሚያወጣው ጋዝ አይሸትም፣ አያስልም፤ የተኛ ሰው እንደተኛ ይቀራል።

መንገዱ

ከልደታ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ውጡ። ልጆቹን የጉዞ ልብሳቸውን ከማታው አልብሳችሁ አስተኟቸው፤ ጠዋት ተሸክማችሁ መኪና ውስጥ ማስገባት ነው። በጎተራ፣ በቃሊቲ አድርጋችሁ ቱሉ ዲምቱ ላይ የፍጥነት መንገዱን ትይዛላችሁ። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፋላችሁ። አዲሱ የክፍያ መንገድ በመቂ አድርጎ እስከ ባቱ (ዝዋይ) ከተማ ያደርሳል። ከዚያ አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ፣ ቀጥሎ ላንጋኖ። መኪና የሌላችሁ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ ሚኒባስ ኮንትራት ያዙ። ዕቃ ተሸክሞ በመናኸሪያ ከልጅ ጋር መጋፋት አያዋጣም።

የሚያስመልሰው ልጅ ከፊት፣ በመስኮት በኩል ይቀመጥ። ስልክ አትስጡት፤ ወደ ታች እያየ ነው የሚያቅለሸልሸው። ባዶ ሆድም ሙሉ ሆድም አይሆንም፤ ደረቅ ዳቦ ይብላ። ሎሚ ማሽተት ይረዳል ይላሉ፣ ቢያንስ መኪናው ደስ የሚል ሽታ ይኖረዋል። ፌስታል ከወንበሩ ኪስ ውስጥ አይጥፋ። ይህንን ሁሉ የምለው ከሥራ ልምድ ነው።

ባቱ ቁርስ ብሉ። አሳው የሐይቁ ነው፤ ለልጆች ግን እሾሁ የወጣለትን እዘዙ። መቂ አካባቢ በወቅቱ ከሆነ ሐብሐብ መንገድ ዳር ይሸጣል። አንድ ትልቅ ግዙ፣ ሐይቁ ዳር ይፈለጋል። ከአራት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቦታው ላይ መገኘት አለባችሁ።

ድንኳኑን አሸዋ ላይ ማቆም

ማንም ሰው ውሃ አይነካም፤ መጀመሪያ ድንኳኑ። ልጆቹ ይጮሃሉ። ይጩኹ።

ውሃው ትቶት የሄደውን መስመር ፈልጉ። ሸንበቆ፣ ላባ፣ የሃይላንድ ክዳን በአንድ ረድፍ ተጥሎ ታያላችሁ። ማዕበሉ እስከዚያ ይደርሳል ማለት ነው። ከመስመሩ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ላይ ራቁ። ሸንበቆ ካለበት ዳርም ራቁ፤ ጉማሬ ይወጣ እንደሆነና በየት እንደሚወጣ ዘበኛውን ጠይቁ። ግራር ጥላው ጥሩ ነው፤ ግን ሥሩ ያለውን እሾህ በእጅ ልቀሙ፣ ቀና ብላችሁም የደረቀ ቅርንጫፍ እንዳለ እዩ።

ጥቂት ደረቅ አሸዋ በእጃችሁ ይዛችሁ ከትከሻ ከፍታ ልቀቁት። ወዴት እንደሚበተን ታያላችሁ። የድንኳኑ ጀርባ ወደ ንፋሱ፣ በሩ ንፋሱ ወደሚሄድበት ይሁን። ውሃውን ፊት ለፊት ለማየት ብሎ በሩን ወደ ንፋስ የሚያዞር ሰው ማታ አሸዋ ይበላል።

አሁን ማዳበሪያዎቹ። ግማሽ ድረስ አሸዋ ሙሏቸው። ልጆቹ ይሙሉት፤ ይህ ሥራ ሳይሆን ጨዋታ ነው። አፉን በናይሎኑ ገመድ ሁለት ጊዜ አዙራችሁ እሰሩ፣ የገመዱን ሌላ ጫፍ ረጅም አድርጋችሁ ተዉት። ከድንኳኑ ማዕዘን ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብላችሁ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሩ። ላይኛው ደረቅ አሸዋ ይናዳል፣ አትናደዱ፤ ትንሽ ዝቅ ስትሉ እርጥቡ ይመጣል፣ እርጥቡ ነው የሚይዘው። ማዳበሪያውን አጋድማችሁ ቅበሩ፣ እርጥቡን አሸዋ መልሱበት፣ ሁሉም ልጅ ላዩ ላይ ይዝለል። ከዚያ ገመዱን ወደ ድንኳኑ በሰያፍ ሳቡና ማዕዘኑ ላይ እሰሩ። ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩት። ሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ኋላ ብትንጠለጠሉ እንኳ አይነቃነቅም። አራት በአራቱ ማዕዘን፣ ሁለት ደግሞ በንፋሱ በኩል። ልጆቹ በጨለማ እንዳይጠለፉ እያንዳንዱ ገመድ ላይ ነጭ ፌስታል ቁራጭ እሰሩበት።

በሩ ላይ ሰሌኑን ዘርጉ፣ አጠገቡ ሳፋ ውሃ አስቀምጡ። ሕጉ ቀላል ነው፤ እግር ሳፋ ውስጥ፣ ከዚያ ሰሌን፣ ከዚያ ፎጣ፣ ከዚያ ውስጥ። ጫማ ውጪ ያድራል፤ ጠዋት ከመልበስ በፊት ገልብጦ ማራገፍ፤ ጊንጥ ጫማ ይወዳል።

ውሃው

እጃችሁን እስከ አንጓው ድረስ ውሃው ውስጥ ክተቱ። ጣታችሁ አይታያችሁም። ላንጋኖ ላይ ልጅ የመጠበቅን ነገር ከዚህ ጀምሩ። ሶደሬ ወይም ሆቴል መዋኛ ላይ ልጅ ብትጠልቅ ወለሉ ላይ ታያላችሁ። እዚህ አንድ ክንድ ዝቅ ካለች የለችም። የሚሰጥም ልጅ ደግሞ አይጮህም፣ እጁንም አያወዛውዝም። ዝም ብሎ ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ልብሱ ቀይ፣ ብርቱካንማ ወይም ደማቅ ቢጫ ይሁን። ሰማያዊና ቡኒ እቤት ይቅር። ከእምብርት በላይ ውሃ አይገባም። ትንንሾቹ ከጉልበት። ዋና የማይችሉት ላይፍ ጃኬት ያድርጉ፤ በአየር የሚነፋው ዳክዬና ጎማ ግን ላይፍ ጃኬት አይደለም። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ልጁን ከነዳክዬው ወደ መሐል ሊወስደው ይችላል። እኔ ጭራሽ አላስይዝም።

አንድ ትልቅ ሰው ጠባቂ ነው። ሥራው ያ ብቻ ነው። ስልኩን መኪና ውስጥ ይተወዋል፣ ቢራ አይዝም፣ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ከልጆቹ ወዲያ፣ በጥልቁ በኩል ይቆማል። ፊቱን ወደ ዳር ያዞራል። በግማሽ ሰዓት ይቀየራል፤ ሲቀየርም "ተረክቤሃለሁ" ተብሎ፣ ልጆቹ በስም ተቆጥረው ነው። "ሁላችንም እያየናቸው ነው" ማለት ማንም አያያቸውም ማለት ነው። ባለቤቴ በዚህ ከእኔ ትብሳለች፤ ተራዋ ሲሆን ሰላምታ እንኳ አትመልስም።

ፊሽካ አንድ ጊዜ ሲነፋ ሁሉም ባለበት ይቆማል። ሁለት ጊዜ ሲነፋ ሁሉም ይወጣል። ይህንንም ግቢ ውስጥ ተለማመዱት። የስልክ ቁጥራችሁን በልጁ ክንድ ላይ በስክሪፕቶ ጻፉ፤ ሲለቅ ትደግሙታላችሁ።

ፀሐይዋ ታታልላለች። ንፋስ ስላለ የምታቃጥል አትመስልም፣ ቆዳ ግን ይላጣል። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል። ረጅም እጅጌ ቲሸርት ለብሰው ይዋኙ፣ ኮፍያ ያድርጉ፣ ፊትና አንገት ላይ ሰንስክሪን ተቀቡ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከውሃ ይውጡ። ምሳ፣ ሐብሐብ፣ ጥላ፣ እንቅልፍ። ለእግራቸው ኮንጎ ጫማ ተስማሚ ነው፤ ድንጋይም ስባሪ ጠርሙስም አይወጋቸውም።

የአካባቢው ልጆች መጥተው ይቀላቀላሉ። ደስ ይበላችሁ፤ ውሃውን ከእናንተ በላይ ያውቁታል። ኳስ ከያዛችሁ ጨዋታው እስከ ማታ ነው።

ማታና ሌሊት

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከውሃ መውጣት፣ በንጹሕ ውሃ መታጠብ። 11 ሰዓት እራት። 12 ሰዓት ሳይሞላ ረጅም ሱሪ፣ ረጅም እጅጌ፣ ካልሲ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ወባን አናስብም። ላንጋኖ ግን 1,600 ሜትር አካባቢ ነው፤ የወባ አገር ነው። የወባ ቢንቢ የምትነክሰው ከምሽት ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ነው። የሚቀባ መከላከያ ከገዛችሁ ዲት (DEET) የሚባለው ቢንቢ አባራሪ ያለበትን ምረጡ፤ ለልጅ ከ30 በመቶ አይለፍ። በእናንተ እጅ አድርጋችሁ ቀቧቸው እንጂ በእጃቸው ላይ አታድርጉ፤ ዓይናቸው ውስጥ ይገባል። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ጭራሽ አይቀባም።

ድንኳኑ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ዚፑ ዝግ ነው። ባትሪውን ድንኳኑ ውስጥ አታብሩ፤ ራቅ ያለ ዛፍ ላይ አንጠልጥሉት። የሐይቁ ነፍሳት መብራት ስለሚወዱ ወደዚያ ይሄዳሉ። ከመተኛት በፊት አንድ ሰው ገብቶ ግድግዳውን እየዞረ ያያል። የገባች ቢንቢ ጣሪያው ማዕዘን ላይ ነው የምትቀመጠው።

ምግብ ሁሉ መኪና ውስጥ ይቆለፍ፣ ቆሻሻውም ጭምር። ጦጣና ዝንጀሮ፣ ከርከሮም ይመጣል። ከረሜላ ትራሱ ሥር የደበቀ ልጅ ካለ አስወጡት፤ ሁልጊዜ አንድ አለ።

አተኛኘት፤ ልጆች መሐል፣ ትልልቆች ዳርና ዳር፣ አንዱ የግድ በሩ ጋ። ፖፖው እግርጌ። ሌሊት ንፋሱ ሲመለስ ሸራው ይጮሃል። ትንንሾቹ ይደነግጣሉ። ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ "ሌሊት ድንኳኑ ያወራል፣ ማዳበሪያዎቹ ግን ይዘውታል" በሏቸው። እነሱ የሞሉት ማዳበሪያ ስለሆነ ያምናሉ።

ሲመለሱ

በምዕራቡ ዳር ካደራችሁ ፀሐይ በአርሲ ተራሮች በኩል ፊት ለፊት ትወጣለች። ሁለት ሰዓት ላይ ድንኳኑ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ከሞቀ በኋላ ማንም አይተኛም፤ ጠዋቱ ግን ንፋስ ስለሌለ ለውሃ ምርጡ ሰዓት ነው። ተጠቀሙበት። አቢጃታ ሻላ ፓርክ ቅርብ ነው፤ ሰጎን ማየት ለሚፈልግ ልጅ ጥሩ ነው። ሻላ ዳር ያለው ፍል ውሃ ግን ያቃጥላልና እጅ ለእጅ ተያያዙ።

ስትነሱ ማዳበሪያዎቹን ማውጣት አትርሱ፤ አሸዋውን ድፉ፣ ባዶውን ይዛችሁ ተመለሱ። ድንኳኑን ሁለት ሰው ይዞ ገልብጦ ያራግፍ። ከስምንት ሰዓት በፊት መንገድ ጀምሩ፤ በብርሃን ልደታ ግቡ።

በማግስቱ ድንኳኑን ገመድ ላይ አስጡት፤ እርጥቡን ከጠቀለላችሁት በሳምንቱ ይሻግታል። ዚፑን ጥረጉ።

አንድ ነገር ደግሞ ለአንድ ወር ያህል በአእምሯችሁ ያዙ። ወባ ከተነከሱ በኋላ ወዲያው አትታይም፤ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ሰባት ቀን ትቆያለች፣ አንዳንዷ ዓይነት ወራት ቆይታ ትነሳለች። ልጁ ካተኮሰው ጉንፋን ነው ብላችሁ ሽሮፕ አትስጡና አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ደም አስመርምሩት። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ካልነገራችሁት ወባን ላያስብ ይችላል። ክፍሉ እንደገባችሁ "ላንጋኖ አድረን ነበር፣ በዚህ ቀን" በሉት።